ዳውላውን ሳይሆን ጀርባዋን እዩ

ሐሙስ ገበያ ነበር። በአንዲት የወረዳ ከተማ እህል ተራ ደጃፍ አህያ ጤፍ ተጭና ቆማለች። ባለቤቷ ጭነቱን ሊያስተካክሉ ማዳበሪያውን ገፋ ሲያደርጉት ከሥሩ ድብዳብ የለም፤ የታጠፈ ባዶ ከረጢት ብቻ ነው። ጀርባዋ ላይ መዳፍ የሚያህል ገጣባ አፉን ከፍቷል፣ ዙሪያው በተቃጠለ የሞተር ዘይት ጠቁሯል። «ዝንቡን ያባርርልኛል ብዬ ነው» አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው። ይህን እያሉ ደንብ አስከባሪው ደረሰ። ገጣባውን አላየም፤ ያየው ኮቴዋ አስፋልት መርገጡን ነው። ሽንጧን በዱላ ብሎ አባረራትና ሴትዮዋን ሊቀጣ ስማቸውን መጻፍ ጀመረ።

በከተሞቻችን የእንስሳት ቁጥጥር የምንለው ይኸው ነው። ደንብ አስከባሪው መንገድ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው የሥጋ ምርመራ አዋጅ የሚያስበው ለበላተኛው ነው፤ በሬው ከመታረዱ በፊት የሚታየው ሥጋው ሰው እንዳይጎዳ ነው። የወረዳው የእንስሳት ሐኪም ደግሞ ከክትባት ዘመቻና ከወረርሽኝ ፋታ አያገኝም። ሁሉም አስፈላጊ ሥራ ነው፣ አልነቅፈውም። ነገር ግን በሕይወት ያለችውን፣ የቆሰለችውን እንስሳ ማየት የእኔ ሥራ ነው የሚል አንድም ሰው በመካከላቸው የለም።

ይህን የሚያይ ተቆጣጣሪ ይሾም ባልኩ ቁጥር የሚመጣልኝ መልስ አንድ ነው፦ «ሰው ሳይጠግብ ለአህያ?» ይህ አባባል ያናድደኛል፤ አስተዋይነት ይመስላልና። አህያ የማን ናት? የሀብታም አይደለችም። ውኃ የምትቀዳው፣ እንጨት የምታመጣው፣ እህል ወፍጮ ቤት የምታደርሰው ለድሃ ቤት ነው። አገራችን በአህያ ብዛት ከዓለም ግንባር ቀደም ናት፤ ከ8 ሚሊዮን በላይ አሉን። ገጣባው አመርቅዞ አህያዋ ስትወድቅ፣ ያን ሳምንት እራት የሚያጡት የሴትዮዋ ልጆች ናቸው። ደግሞስ ሌላው ዓለም መቼ ጠግቦ ጀመረ? እንግሊዝ አህያን ጭምር ከጭካኔ የሚከላከል ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1822 ነው። የፋብሪካ ሕጻናትን ጉልበት የሚቆጣጠሩ መንግሥታዊ ተቆጣጣሪዎች የተሾሙት ከ11 ዓመት በኋላ ነበር። በ1824 የተቋቋመው የእንስሳት ጥበቃ ማኅበርም ገና ከጅምሩ ሰዎቹን የላከው ወደ ለንደኑ የከብት ገበያ፣ ወደ ስሚዝፊልድ ነው።

እኛም ርኅራኄ አጥተን አይደለም። በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ የአህያ ቄራ ሲከፈት ሕዝቡ ተቆጣ፣ ቄራውም ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ። ደስ ብሎኝ ነበር። ግን ስትታረድ ያን ያህል የጮኽን ሰዎች፣ በየማለዳው በደጃችን አንክሳ ስታልፍ ምነው ዝም አልን?

ተቆጣጣሪ ይሾም ስል ግን ሌላ ቅጣት የሚጽፍ ሰው ይጨመር ማለቴ አይደለም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ እስካሁን ዱላው የሚያርፈው አቅም በሌለው ላይ ነው። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። የአገራችን አህያ ራሷ ከዚያ ብዙም አትከብድም፤ ባለሙያዎች የሚመክሩት ደግሞ ከክብደቷ ሲሶ እንዳይበልጥባት ነው። ታዲያ ኩንታሉን ማን ጫነባት? ሴትዮዋ የሚከፈላቸው በምልልስ ነው፤ «ከፍለን በሦስት ጊዜ እንውሰደው» ቢሉ ነጋዴው ሌላ ይጠራል። ያን ዕለት እንኳ ስማቸው ሲጻፍ እሱ መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ቀጣዩን ማዳበሪያ ያስመዝን ነበር። ማንም አልጠየቀውም።

ብሩክና ስፓናን የመሳሰሉ የውጭ ድርጅቶች የጋማ ከብት ሲያክሙና ባለቤቶችን ሲያስተምሩ ዓመታት አስቆጥረዋል። ምስጋና ይገባቸዋል፤ ነጋዴውን «አውርድ» የማለት ሥልጣን ግን የላቸውም። ያ ሥልጣን ያለው ማዘጋጃ ቤቱ ነው። ስለዚህ ከደንብ አስከባሪዎቹ አንዱን ይመድብ፣ ገጣባ ከምን እንደሚመጣ ያስተምረው፣ ድብዳብ አሰፋፍ የሚያውቅ ሰው ያገናኘው። ከዚያም ሐሙስ ጠዋት አስፋልቱን ትቶ እህል ተራ ይሂድ፤ ከነጋዴው ሚዛን ጎን ይቁም።