የስፖርት ተወዳጅነት ምንጩ ምንድነው? የሁለቱ ራግቢዎች ታሪክ የሚሰጠን ትምህርት

አንድ ስፖርት በአንድ አገር ለምን እንደተስፋፋ ሲጠየቅ ከሁሉ ቀድሞ የሚሰነዘረው መልስ «ሕዝቡ ስለሚወደው ነው» የሚል ነው። መልሱ ሐሰት ባይሆንም ጥያቄውን በሌላ ጥያቄ ከመተካት አያልፍም። ሕዝቡ ለምን ወደደው? የወደደውን ለመጫወት ጊዜውን፣ ሜዳውንና ገንዘቡን ከየት አገኘ? የወደደውን እንዲተው የተገደደበትስ ጊዜ የለም ወይ? ጉዳዩ በዚህ መልክ ሲቀርብ ስፖርት ከኅብረተሰቡ ኑሮ ተነጥሎ የሚታይ ጨዋታ ብቻ አለመሆኑ ግልጽ ይሆናል። ለዚህም የሁለቱ ራግቢዎች ታሪክ ጥሩ አስረጂ ነው።

ራግቢ እንቁላል መሰል ኳስ በእጅ ይዞ በመሮጥና ከተጋጣሚ መስመር ባሻገር መሬት በማስነካት ነጥብ የሚቆጠርበት ጨዋታ ነው። በአገራችን እምብዛም የማይታወቀው ይህ ስፖርት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በ15 ተጫዋቾች የሚካሄደው ራግቢ ዩኒየን ሲሆን፣ ሁለተኛው በ13 ተጫዋቾች የሚካሄደው ራግቢ ሊግ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሁለቱን የለያያቸው የተጫዋቾች ቁጥር አልነበረም፤ የአንድ ቀን ደመወዝ እንጂ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በሰሜን እንግሊዝ፣ በተለይም በዮርክሻየርና በላንካሻየር፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛውና የከሰል ማዕድን ቆፋሪው ራግቢን የራሱ ስፖርት አድርጎት ነበር። ወዛደሩ ቅዳሜም እስከ ቀትር ድረስ ይሠራ ስለነበር ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ ለመጫወት ከሥራው መቅረት ነበረበት። ከሥራ የቀረ ደግሞ ደመወዙን ያጣል። ስለሆነም የሰሜን ክለቦች ተጫዋቹ ላጣው ደመወዝ ማካካሻ እንዲከፈለው ጠየቁ። ጥያቄው እ.ኤ.አ. በ1893 ለንደን ላይ በተካሄደው የራግቢ ዩኒየን ጠቅላላ ስብሰባ ቀርቦ በ282 ተቃውሞ በ136 ድጋፍ ወደቀ። ውድቅ ያደረጉት ወገኖች ያነሱት ምክንያት ስፖርት ለፍቅር እንጂ ለገንዘብ መሆን የለበትም የሚል ነበር። ይህ አባባል ለጆሮ ያማረ ነው። ነገር ግን «ለፍቅር ብቻ» ለመጫወት የሚችለው ቅዳሜ ባይሠራ ጾሙን የማያድር ሰው መሆኑ የማይታበል ሐቅ ነው። ለሁሉም እኩል የወጣ የሚመስለው ደንብ በተግባር ሀብታሙን አስገብቶ ሠራተኛውን በር ላይ የሚያስቀር ሆኖ ተገኘ።

በመሆኑም የሰሜን ክለቦች ነሐሴ 29 ቀን 1895 በሃደርስፊልድ ከተማ ጆርጅ ሆቴል ተሰብስበው የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። በቀን እስከ 6 ሽልንግ የሚደርስ ማካካሻም ፈቀዱ። የመጀመሪያውን የውድድር ዘመን 22 ክለቦች ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1906 የተጫዋቹ ቁጥር ወደ 13 ዝቅ ሲል ጨዋታው የተለየ መልክ ያዘ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሊሰመርበት ይገባል። ክለቦቹን ይመሩ የነበሩት በአብዛኛው ነጋዴዎችና ባለፋብሪካዎች እንጂ ወዛደሮች አልነበሩም። የትርፍ ፍላጎታቸውና የተጫዋቹ የደመወዝ ጥያቄ ለጊዜው በአንድ መንገድ ተጓዙ እንጂ አንድ አልነበሩም።

ይኸው ቅራኔ በአውስትራሊያ ይበልጥ ጎልቶ ታየ። እ.ኤ.አ. በ1907 አሌክስ በርደን የተባለ ፀጉር አስተካካይ በራግቢ ዩኒየን ጨዋታ ላይ ተጎድቶ ሥራውን ለመሥራት ሳይችል ቀረ። ሜዳውን ሞልቶ ከሚውለው ተመልካች የሚሰበሰበው ገንዘብ ብዙ ሆኖ ሳለ ለተጎዳው ተጫዋች ግን ካሳ አልነበረውም። በዚያው ዓመት ሲድኒ ላይ የራግቢ ሊግ ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1908ም ውድድሩ ተጀመረ። ክለቦቹ የተደራጁት እንደ ባልሜይን፣ ግሊብ፣ ኒውታውንና ሳውዝ ሲድኒ በመሳሰሉት የሠራተኛ ሰፈሮች ነበር። ተጫዋቹ በሚኖርበት ሰፈር ክለብ እንዲሰለፍ ደንቡ ያዝ ስለነበር ሰፈርተኛው የሚደግፈው ጎረቤቱን፣ የሥራ ባልደረባውንና ወንድሙን ሆነ። በአንፃሩ ራግቢ ዩኒየን በዩኒቨርሲቲውና ከፍተኛ ክፍያ በሚጠይቁት የግል ትምህርት ቤቶች ውስጥ ጸና። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዩኒየን በሲድኒ የክለብ ውድድሩን ሲያቋርጥ ሊጉ ግን ቀጠለ። በዛሬዋ ሲድኒም ሆነ ብሪዝበን ሊጉ ከዩኒየን የበለጠ ተከታይ ያለው በእነዚህ ምክንያቶች ነው።

ታዲያ ሠራተኛ ባለበት ሁሉ ሊጉ ያሸንፋል ማለት ነው? እንዲህ ያለው ድምዳሜ ችኩልነት ይሆናል። በዌልስ የማዕድን ቆፋሪው ጨዋታ ሆኖ የቀረው ዩኒየን ነው። ምክንያቱም በዚያ ራግቢ ትንሹ የዌልስ ሕዝብ ከትልቁ ጎረቤቱ ከእንግሊዝ ጋር በእኩልነት የሚቆምበት መድረክ ስለነበረ ነው። የዌልስ ማኅበር መሪዎችም ይህን ስለተረዱ ደንቡን አላከረሩም። እ.ኤ.አ. በ1897 ለታዋቂው ተጫዋች ለአርተር ጉልድ ከሕዝብ በተዋጣ ገንዘብ ቤት ሲበረከትለት የእንግሊዞችን ተቃውሞ ችላ ብለው አለፉ። ይሁን እንጂ ኑሮ ሲከፋ ብዙ የዌልስ ተጫዋቾች ደመወዝ ፍለጋ ወደ ሰሜን እንግሊዝ ሊግ መሰደዳቸው አልቀረም።

በኒውዚላንድም ዩኒየን የበላይነቱን እንደያዘ ዘልቋል። የ1905ቱ ብሔራዊ ቡድን በባሕር ማዶ ጉዞው ካደረጋቸው 35 ግጥሚያዎች 34ቱን አሸንፎ የተሸነፈው በዌልስ ብቻ ነበር። ይህ ድል ጨዋታውን የወጣቱ አገር መለያ አደረገው፤ መንግሥትም ክብሩን ተጋራ። በየገጠሩና በየትምህርት ቤቱ ሥር ሰድዶ የነበረውን ስፖርት ከዚያ ወዲያ የመጣው ሊግ ሊያፈናቅለው አልቻለም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የፈረንሳይ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 በዣን ጋሊያ መሪነት የተጀመረው ራግቢ ሊግ በደቡብ ፈረንሳይ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብዙ ተከታይ አፈራ። ነገር ግን ፈረንሳይ በናዚዎች ከተሸነፈች በኋላ የቪሺ መንግሥት በታኅሣሥ ወር 1941 ባወጣው አዋጅ ማኅበሩን አፈረሰው፤ ንብረቱንም ወረሰ። ከነፃነት በኋላ ጨዋታው ቢፈቀድም ለብዙ አሥርተ ዓመታት «ራግቢ» በሚለው ስም እንዳይጠራ ተከልክሎ «የ13 ጨዋታ» ተብሎ ኖረ። ችሎታ ጎድሎት አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1951 የፈረንሳይ ቡድን ወደ አውስትራሊያ ተጉዞ ባለአገሩን ረትቶ ተመልሷል። ቢሆንም ሜዳውን፣ ገንዘቡንና ስሙን የተነጠቀ ስፖርት ቀድሞ ወደነበረበት ደረጃ ለመመለስ አልበቃም። ዛሬ ይህን ሳያውቅ «ፈረንሳዮች በተፈጥሯቸው ዩኒየንን ይወዳሉ» የሚል ሰው ቢኖር የአምባገነኖችን ሥራ የሕዝብ ምርጫ አድርጎ ያቀርባል።

ዩኒየን ራሱ በነሐሴ ወር 1995 ለተጫዋቾች ደመወዝ እንዲከፈል ፈቀደ። የሰሜኑ ሠራተኛ ያቀረበው ትሑት ጥያቄ ውድቅ ከሆነ 102 ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው። ለመቶ ዓመት የጨዋታው ነፍስ ነው ሲባል የኖረው መርሕ የቴሌቪዥን ገንዘብ ሲመጣ በአንድ ስብሰባ ተሻረ። ነገር ግን በዚህ መካከል ሜዳው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ጋዜጣውና ልማዱ በየአገሩ ተከፋፍሎ አልቆ ስለነበር ሁለቱ ራግቢዎች እንደተለያዩ ቀሩ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምንገነዘበው የአንድ ስፖርት ተወዳጅነት ከሰማይ የሚወርድ ወይም ከደም የሚወረስ አለመሆኑን ነው። የሕዝብ ፍቅር ኃይል አለው፤ ኃይሉ ግን የሚገለጠው ጊዜና ሜዳ ሲያገኝ፣ በሰፈርና በሥራ ቦታ ሲደራጅ፣ የተጎዳ ተጫዋቹን ሲያነሳ ነው። ስለሆነም የሰፈር ማኅበር አባላትም ሆኑ ሠራተኞች «ይህ ስፖርት ለምን ተወደደ?» ተብሎ ሲነሳ ከወሬው በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ያስቀድሙ እንላለን። ሜዳው የማን ነው? ተጫዋቹ የሚጫወትበት ሰዓት ከማን ላይ ይቆረጣል? እግሩ ቢሰበርስ የልጆቹን እንጀራ ማን ይሸፍናል? የሃደርስፊልድ ስብሰባ የተጠራው ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ በመጥፋቱ ነበር።