«ሞተሩ ይውረድ» ከመባሉ በፊት

ዛሬ የምናወራው ስለ ዘይት ነው። የምግብ ዘይት መስሏችሁ ደንገጥ ካላችሁ ተረጋጉ፤ እሱ የሌላ ቀን ራስ ምታት ነው። የዛሬው የሞተር ዘይት ነው። «መኪና የለን፣ ምን አገባን?» የምትሉም ቆዩ። መኪና የሌለው ሰው ነው እኮ ሕይወቱን በሰው መኪና ላይ ጭኖ የሚሄደው።

ከወልዲያ ተነስታችሁ ወደ ቆቦ ስትወርዱ ጎብዬን ታገኛላችሁ። ከዚያ ሮቢት፣ ቆቦ፣ ዋጃ፣ አላማጣ። ሙቀትና አቧራ የማይለየው የራያ ሜዳ ነው። ከአላማጣ በኋላ ግን ግራ ካሱ ይመጣል። ከ1,500 ሜትር ገደማ ተነስቶ ኮረም ላይ ከ2,400 ሜትር በላይ የሚያደርስ ጠመዝማዛ ዳገት። ጭነት ያለው ሲኖትራክ እዚህ ላይ ነዳጅ መስጫው እስከ ወለሉ ተረግጦ፣ ቱርቦው እያፏጨ፣ ለረጅም ደቂቃ ይጎትታል።

ፈረንጅ አገር ቱርቦ ያላት መኪናቸውን በውድድር መም ላይ የሚነዱ ልጆች አሉ። ጥቂት ዙር ከነዱ በኋላ ኮፈኑን ሲከፍቱ የአየር ቱቦው በዘይት ርሶ ያገኙታል። እኛ አገር ለዚህ መም አያስፈልግም፤ ግራ ካሱ ይበቃል። በሽታው አንድ ነው፦ ቱርቦ ያለው ሞተር ሳያርፍ በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ ዘይቱን አየር መግቢያው ውስጥ መትፋት ይጀምራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነዳጅ ሲቃጠል ፒስተኑን የሚገፋው ጋዝ ሁሉ ወደ ጭስ ማውጫ አይሄድም። ጥቂቱ በፒስተኑ ፋሻ ዳርና ዳር ሾልኮ ዘይቱ ወዳለበት ወደ ኮፓ ይወርዳል። አዲስ ሞተርም ቢሆን ትንሽ ያሾልካል። ቱርቦ ሲጨመርበት በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚበዛ የሚሾልከውም ይበዛል። እዚህ ጽሑፍ ላይ «ትንፋሽ» እንበለው። ይህ ትንፋሽ ታፍኖ መቅረት ስለሌለበት መውጫ ቱቦ ተሠርቶለታል። ችግሩ ሲወጣ ብቻውን አይወጣም፤ የዘይት ጉም ይዞ ነው። በብዙ ሞተሮች ላይ ደግሞ ቱቦው የሚመለሰው ወደ ቱርቦው አፍ ነው። ዘይቱ በቱርቦው አልፎ አየር ማቀዝቀዣው (ኢንተርኩለሩ) ውስጥ ይተኛል፤ ማቀዝቀዝ ያቅተዋል። በቤንዚን ሞተር ላይ ከሆነ ዘይት የተቀላቀለበት አየር ያለጊዜው ይፈነዳል፤ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል፤ ሲብስም ፒስተን ይሰብራል።

እሺ፣ መኪናው ሰማያዊ ጭስ ጀመረ፤ ዘይት ጎደለ። ጋራዥ ተወሰደ። ምን ይባላል? አራት መልስ አለን። «ቱርቦው ሞቷል፣ ይቀየር።» «ወፍራም ዘይት ሙላበት።» «ቱቦዋን ድፈናት።» አራተኛውና ተወዳጁ፦ «ሞተሩ ይውረድ።» ከአራቱ አንዱም ትክክል ሊሆን ይችላል (ከሦስተኛው በቀር)። ነገር ግን ማን ለካ? ማንም! የጽሑፋችን ቅሬታ ይህችው ናት።

የቱርቦውን ጉዳይ እንውሰድ። በቱርቦው ያለፈ ዘይት ወደ ኮፓ የሚመለሰው ተገፍቶ አይደለም፤ በራሱ ክብደት ወርዶ ነው። ኮፓው በትንፋሽ ከተወጠረ ዘይቱ መውረጃ ያጣል። መውረጃ ሲያጣ በቱርቦው ዘንግ በኩል ወጥቶ ይቃጠላል። ጭሱ ከቱርቦው ስለመጣ ቱርቦው ይወቀሳል። ባለቤቱ ተበድሮ ቱርቦ ይገዛል። አዲሱም በሳምንቱ ያጨሳል። ሰውየው ከዚያ በኋላ «የሸጡልኝ ቱርቦ ፎርጅድ ነው» ብሎ ሲምል ታገኙታላችሁ።

ጎብዬ የሚባል የማሽላ ዝርያ እንዳለ ታውቃላችሁ? በእነ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ምርምር ወጥቶ በ1990ዎቹ ለአገራችን ገበሬ የተሰጠ፣ አቀንጭራን የሚቋቋም ዝርያ ነው። የራያ ገበሬ አቀንጭራን በደንብ ያውቀዋል። አበባው ከመሬት በላይ ብቅ ሲል ጉዳቱ ከሥር ካለቀ ቆይቷል። ሞተርም ላይ የምናየው ጭስ አበባው ነው። ሥሩ ሌላ ቦታ ነው።

ታዲያ ሥሩ እንዴት ይገኛል? ገንዘብ ከማያስወጣው ጀምሮ ነዋ።

አንደኛ፣ የዘይቱ ልክ። ከምልክቱ በላይ የተሞላ ዘይት በክራንኩ ይደበደብና አረፋና ጉም ይሆናል። «ትርፍ አይጎዳም» እያልን የምንጨምረው ግማሽ ሊትር ይጎዳል።

ሁለተኛ፣ የአየር ፊልትሮ። የራያ አቧራ የደፈነው ፊልትሮ ቱርቦው አየር ሲያጣ ዘይት እንዲስብ ያደርገዋል። ከፊልትሮው በኋላ ያለው ቱቦ ከተቀደደ ደግሞ የባሰ ነው፤ አቧራው በቀጥታ ገብቶ ፋሻና ሲሊንደር ይሞርዳል። ያኔ ጨዋታው የምር አብቅቷል።

ሦስተኛ፣ መተንፈሻ ቱቦውና ቫልቩ። ውስጡ እንደ ቅጥራን በተጋገረ ዘይት ሲደፈን ደህናው ሞተር የሞተ ይመስላል። በቤንዚን ቱርቦ ላይ ያለችው ትንሽ ቫልቭ መዝጋት ካቃታት ቱርቦው የጨመቀው አየር ራሱ ወደ ኮፓ ይገባል።

አራተኛ፣ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው፦ የፍሬን አየር መሳቢያ ፓምፕ። በብዙ የናፍጣ መኪኖች ይህ ፓምፕ የሳበውን አየር የሚተፋው ወደ ሞተሩ ሆድ ነው። ፓምፑ ካረጀ ወይም የፍሬኑ ቱቦ አየር ካስገባ ኮፓው ይወጠራል፤ ፋሻው ግን ምንም አልሆነም። ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ «ሞተር ይውረድ» ያለ ሰው ገንዘብ ማባከኑ ብቻ አይደለም፤ የፍሬን ችግር ሳያይ ተሳፋሪ አስጭኗል።

አምስተኛ፣ ልኬት። የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍቶ «አቤት ሲተነፍስ!» ማለት ልኬት አይደለም። አንድ ሜትር ከምናምን የሚሆን ብርሃን የሚያስተላልፍ ቀጭን ቱቦ በጀ ቅርጽ ሳይሆን እንደ ጽዋ ወደ ታች አጥፋችሁ ግማሹን ውኃ ሙሉት። አንዱን ጫፍ አየር እንዳያስወጣ አድርጋችሁ በዘይት መለኪያው ዘንግ ቀዳዳ ላይ ግጠሙት። ሞተሩ ሲሠራ በሁለቱ ወገን ያለው የውኃ ከፍታ ልዩነት የኮፓው ግፊት ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ልዩነት 1 ኪሎ ፓስካል ገደማ ይሆናል። የሞተሩ መጽሐፍ ከሚፈቅደው ጋር አስተያዩ። ከዚያ የፍሬን ፓምፑን፣ ቀጥሎ የቱርቦውን ጉዳይ በየተራ ለዩና መልሳችሁ ለኩ። ውኃው የወረደው የቱን ሲለዩ ነው? ወንጀለኛው እሱ ነው።

መጨረሻ ላይ ኮምፕሬሽን። እዚህ ጋ የሀበሻ ልዩ ጣጣ አለ። መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር ብዙውን ጊዜ ለባሕር ጠለል የተጻፈ ነው። ጎብዬና ቆቦ አካባቢ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በ16 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ አዲስ አበባ ላይ በ25 በመቶ አካባቢ። በስታርተር ብቻ በሚዞር ሞተር ላይ ቱርቦው አያግዝም። ስለዚህ ፍጹም ጤነኛ ሞተር አዲስ አበባ ላይ ሲለካ በመጽሐፉ ሚዛን ታማሚ ይመስላል። መታየት ያለበት በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሦስቱ ተቀራርበው አንዱ በብዙ ከወረደ እዚያ ነገር አለ። ያንን ሲሊንደር ፒስተኑን ጫፍ ላይ አቁሞ በኮምፕሬሰር አየር መስጠትና ማዳመጥ ነው። ነፋሱ በዘይት መሙያው ከወጣ ፋሻ ነው፤ በማርሚታ ከወጣ ቫልቭ ነው፤ ራዲያተሩ ከፈላ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው። ቫልቭና ጓርኒሲዮን ለመሥራት ሞተር አይወርድም።

ይህን ሁሉ የምንለው መካኒኮችን ለማሳጣት አይደለም። እንዲያውም ጥፋቱ የኛ የከፋዮቹ ነው ባይ ነኝ። አንድ መካኒክ ግማሽ ቀን ለክቶ «የተደፈነ ቱቦ ነው፣ አጥቤዋለሁ» ቢለን ስንት እንከፍለዋለን? «ቱቦ ለማጠብ!» ብለን እንስቅበታለን። ሞተር አውርዶ ሁለት ሳምንት በዘይት ተጨማልቆ ሲያስረክበን ግን ሳንከራከር እንከፍላለን። የምንከፍለው ለላብ ነው፤ ለማወቅ አንከፍልም። እንግዲህ ልጆች ያሉት ሰው ምን ያድርግ? ያወርደዋላ!

ዋጋው ደግሞ የድሮው አይደለም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ ከባድ ቀረጥ ጫነ። በጥር 2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከእንግዲህ አገር እንዳይገቡ መታገዱን አስታወቀ። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የመለዋወጫው ዋጋ አብሮ ሸሸ። በ2013ም በ2014ም ክረምት ጦርነት ባለፈበት የቆቦ መስመር አንድ አባዱላ የአንድ ሰው ንብረት ብቻ አይደለም፤ የባለቤቱ፣ የሹፌሩና የረዳቱ ቤተሰብ እንጀራ ነው። ያለምክንያት የወረደ ሞተር ሦስት ቤት ጦም ያሳድራል።

ከተለካ በኋላ መቀነሱ ከባድ አይደለም። መጽሐፉ ያዘዘውን ውፍረት ያለው ዘይት በጊዜው መቀየር። ዳገት ወጥቶ እንደደረሱ ሞተሩን ወዲያው አለማጥፋት፤ አንድ ሁለት ደቂቃ በዝግታ ቢሠራ ቱርቦው ውስጥ የቀረው ዘይት አይጋገርም። የዘይት ጉሙን የሚያጠምድ ጣሳ ማስገባትም ይቻላል። ውድድር የሚነዱት ልጆች መፍትሔ ይኸው ነው። ነገር ግን ባዶ ቆርቆሮ ጉም አይዝም፤ ውስጡ ጉሙ የሚጋጭበት መከፋፈያ ወይም ወንፊት ሊኖረው ይገባል። ቱቦው መጥበብ የለበትም፤ ሳይሞላም ይደፋ። ቱቦው ጫፍ ላይ የሃይላንድ ጠርሙስ የምታስሩ ሹፌሮችም አላችሁ። ለመመርመሪያ ጥሩ ነው፤ በስንት ኪሎ ሜትር ስንት እንደሚጠራቀም መዝግቡ። አፉን ግን እንዳትዘጉት!

ቱቦ መድፈን ለምን ከሁሉ የከፋ መልስ ነው ያልነው? መውጫ ያጣው ግፊት የክራንኩን ጎሚኒ ገፍቶ ዘይቱን ያፈሰዋል፤ ቱርቦውንም ያስተፋዋል። በናፍጣ ሞተር ላይ ደግሞ የተጠራቀመው ዘይት በአየር መግቢያው በኩል ሲገባ ሞተሩ ዘይቱን እንደ ናፍጣ እያቃጠለ ከቁጥጥር ውጭ ይጮኻል። ቁልፍ ብታጠፉት አይጠፋም። የቆመ ባለ ማንዋል ማርሽ መኪና ከሆነ ፍሬን አጥብቆ ረግጦ፣ ከፍተኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን መልቀቅ ሊያጠፋው ይችላል፤ ካልሆነ ሰው አውርዶ መራቅ ነው። እጅ አየር መግቢያው ላይ መጫን ፈጽሞ አይሞከርም። ይህ ግራ ካሱ ላይ አሥራ ምናምን ሰው ጭኖ ቢደርስስ?

ስለዚህ ልመናችን አጭር ነው። መኪና ያላችሁ፣ ወይም አባታችሁ፣ አጎታችሁ፣ የሰፈራችሁ ጋሼ መኪና ያላቸው፣ ቀጥሎ «ሞተሩ ይውረድ» ሲባል አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ስንት ለካህ?» ቁጥር ካመጣ፣ ለቁጥሩ ክፈሉት። ጥሩ አድርጋችሁ ክፈሉት። ቁጥር ከሌለው ቀጭን ቱቦና ውኃ ግዙለት።

ቸር ይግጠመን!