በየዓመቱ ስለሚመረጡ የዘፈን አልበሞችና በጅጅጋ ስላሉት ክሮች

ነጋዴ ዓመቱ ሲፈጸም ገቢውንና ወጪውን እንደሚቈጥር፥ ሙዚቃ ወዳድም በዓመቱ ከሰማው ሁሉ ልቡን የነካውን መርጦ ለወዳጆቹ መንገር ልማዱ ነው። በውጭ አገር ጋዜጦች ዘንድ ይህ ምርጫ ሥርዓት ወጥቶለት በየዓመቱ ይታተማል፤ በጅጅጋ፥ በቶጎ ውጫሌና በቀብሪ በያህ ሻይ ቤቶች ደግሞ ሳይጻፍ በቃል የሚደረግ የወዳጆች ክርክር ነው። እኔም ከሱማልኛ ዘፈን ወዳጆች አንዱ ስለ ሆንሁ፥ በቅርብ ዓመታት ከታተሙት አልበሞች የወደድኋቸውን በየዘመናቸው ልዘርዝርና፥ ከዝርዝሩ የሚገኘውን ትምህርት ለተከበሩት ሹማምንትና ለተከበሩት ሊቃውንት ላቅርብ። በዚህ ጽሑፍ ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር ዘመኑ የተቈጠረው እንደ ኤውሮፓውያን ነው።

አስቀድሞ ግን፥ ስለ ዘፈን ምርጫ በዚህ ገጽ መጻፍ ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር፥ መልሱ እንደሚከተለው ነው። የሱማሌ ሕዝብ ታሪኩን፥ ሕጉንና ምክሩን ያኖረው በብዛት በግጥምና በቃል ነው። ቋንቋው ዛሬ በሚጻፍበት በላቲን ፊደል እንዲጻፍ በሱማሊያ የተወሰነው በ1972 ነው። ከዚያ በፊት የነበረው አብዛኛው ነገር በአፍና በጆሮ፥ በኋላም በቴፕ ክር ላይ የቆየ ነው። በሲቲ ዞን የሚኖሩ የዒሳ ሱማሌዎች በቃል ሲወራረድ የመጣ ሕጋቸው፥ ሔር ዒሳ የሚባለው፥ በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ሕዝብ የማይዳሰስ ቅርስ ተብሎ በመዝገብ መጻፉም የቃልን ክብር ያስረዳል። ስለዚህ የዘፈን ክር ለዚህ ሕዝብ መጫወቻ ብቻ ሳይሆን መዝገብም ነው።

አሁን ወደ ምርጫው እንሒድ። በ2017 ከታተሙት ሁሉ ያስቀደምሁት «እንደ ተሰበረ ተምር የጣፈጠ» የሚል ስም የተሰጠውን አልበም ነው። ይህ በኦስቲናቶ አሳታሚ የወጣ፥ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በሐርጌሳና በሞቃድሾ የተዘፈኑ 15 ዘፈኖችን የያዘ ስብስብ ሲሆን፥ የነሒቦ ኑራና የነፋዱማ ቃሲም ድምፅ ይሰማበታል። በአሜሪካ አገር በሚሰጠው በግራሚ ሽልማትም ከምርጥ ታሪካዊ አልበሞች መካከል ለውድድር ቀርቦ ነበር። እኔ ግን ያስቀደምሁት ለሽልማት ስለ ታጨ አይደለም። በ1988 ሐርጌሳ በአውሮፕላን በተደበደበች ጊዜ፥ የራዲዮ ሐርጌሳን ክሮች ሰዎች ከጥፋት ለማዳን ብለው በምድር ውስጥ ቀበሯቸው፤ የቀሩትንም ወደ ጅቡቲና ወደ ኢትዮጵያ አሻገሯቸው። ሰው ነፍሱን ለማዳን በሚሮጥበት ሰዓት ለዘፈን መቃብር ሳይሆን መሸሸጊያ የሚቈፍር ወገን ካለ፥ ያ ዘፈን ምን ያህል የተወደደ እንደ ሆነ ሌላ ምስክር አያስፈልገውም።

በ2018 የመረጥሁት አናሎግ አፍሪካ የተባለው አሳታሚ የዱር ዱር ባንድን የመጀመሪያና የሁለተኛ ካሴት አንድ አድርጎ ያወጣውን አልበም ነው። ባንዱ የሞቃድሾ ነው፤ ሥራውም የ1980ዎቹ ነው። ዳሩ ግን የጅጅጋ ሰው ሲሰማው እንግዳ አይሆንበትም፤ ምክንያቱም ከኤሌክትሪክ ጊታሩ በታች የዳንቶ ምት ይሰማበታል። ዳንቶ የዚህ የእኛ አገር ሱማሌዎች የሚታወቁበት፥ በሰርግና በበዓል ወንድና ሴት ፊት ለፊት ቆመው የሚጨፍሩት ነው፤ አረማመዱም ከግመል የተወሰደ ነው ይባላል።

በ2019 ያው አሳታሚ ከራዲዮ ሞቃድሾ መዝገብ ቤት መርጦ ከ1972 እስከ 1991 የተዘፈኑትን «ሞጋዲስኮ» በሚል ስም አወጣ። በ2020 ደግሞ የጅቡቲ ራዲዮና ቴሌቪዥን ባንድ «የሚጨፍሩ የጅቡቲ ሰይጣናት» የሚል ስም ያለው አልበም ወጣ። ስሙ ለሊቃውንት ጆሮ የማይስማማ መሆኑን አውቃለሁ፤ ዳሩ ግን ከዘረዘርኋቸው መካከል ይህ ከመዝገብ ቤት የተገኘ ሳይሆን በ2019 በሕይወት ካለ ባንድ የተቀረጸ ስለ ሆነ ደስ ያሰኛል። የሞሐመድ አብዲ አልቶ ሳክስፎንና የአስማ ኦማር ድምፅ ሲነጋገሩ፥ አሮጌው ጥበብ ወጣት አፍ እንዳገኘ ይታወቃል። በ2021 ከዚያው ከጅቡቲ የ«ካትር ማርስ» ቡድን ሥራ፥ በ2022 የሞቃድሾው የኢፍቲን ባንድ ሥራ ታተመ።

በ2024 የመረጥሁት የሐርጌሳይቱን የሳሕራ ሐልገንን «ሒዶ ዳውር» ነው። ትርጓሜው ባህልን ጠብቅ ማለት ነው። ይህች ሴት በጦርነቱ ዘመን ቍስለኛ እያስታመመች ትዘፍን የነበረች፥ በኋላም በፈረንሳይ አገር በስደት የኖረች ናት። ወደ አገርዋ ተመልሳ በሐርጌሳ በዚሁ ስም የባህል ቤት ከፍታለች፤ አልበሙም የተሰየመው በቤቱ ስም ነው። በድምፅዋ ውስጥ ልስላሴ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ቃሉን ሳትውጥ ጥርት አድርጋ ስለምታወጣ፥ ግጥም የሚወድ ሰው ከሌላው ሁሉ አስበልጦ ይሰማታል።

እንግዲህ ይህን ዝርዝር አንድ ላይ አድርጎ የተመለከተ ሰው ሁለት ነገር ያስተውላል።

አንደኛው ነገር፥ ከነዚህ አልበሞች የሚበዙት የተገኙት አንድ ሰው ወይም አንድ ቤት ክሩን ስለ ጠበቀ ነው። ሞቃድሾ የራዲዮዋ መዝገብ ቤት ነበራት፤ ጅቡቲም እንደዚሁ፤ ሐርጌሳ የተቀበረውንና የተበተነውን ሰብስቦ ከ10 ሺሕ በላይ ካሴት ያኖረ የቀይ ባሕር የባህል ማዕከል አላት። በአዲስ አበባም የአምሃ እሸቴ የሸክላ ማተሚያ ከ1969 ጀምሮ ያሳተማቸው ዘፈኖች ስለ ተረፉ፥ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ አልበም ለዓለም ሊያሰማቸው ቻለ። የጅጅጋ ስም ግን ከላይ በዘረዘርኋቸው አልበሞች በአንዱም ርእስ ላይ አልተጻፈም።

ይህ የሆነው ጅጅጋ ከዘፈኑ መንገድ ውጭ ስለ ነበረች አይደለም። ዘመናዊው የሱማሌ ዘፈን የተጀመረው በ1940ዎቹ አጋማሽ ገደማ በጭነት መኪና ነጂው በአብዲ ዴቅሲ፥ አብዲ ሲኒሞ በሚባለው፥ «ባልዎ» በተባለ አጭር የፍቅር ዜማ ነው። ቃሉ መከራ ማለት ነው። ዜማውም መኪና በሚሔድበት ሁሉ ከከተማ ወደ ከተማ ተሸጋገረ፤ በኋላም እያደገ «ሔሎ» ተባለ፤ አብዱላሂ ቃርሼም ኡድ የሚባለውን ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ አስገባበት። ደግሞም በ1988 ከሐርጌሳ የተሰደደው ሕዝብ ከጅጅጋ በስተምሥራቅ በሐርትሼክ ሰፈረ፤ ሰፈሩ ከ2 መቶ ሺሕ ሰው በላይ ይዞ ነበር፥ የተዘጋውም በ2004 ነው። ስደተኛው ወደ ኢትዮጵያ ባሻገረው ዕቃ መካከል ክርም ነበረበት። ስለዚህ በእነዚህ ከተሞች በየሣጥኑና በየሱቁ ያለውን ካሴት ተራ ዕቃ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም።

ሁለተኛው ነገር ከፊተኛው ይልቅ ያሳስበኛል። እነዚህን አልበሞች ከመረጧቸው ሰዎች የሚበዙት የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። ድካማቸው የሚመሰገን ነው፤ እነሱ ባይደክሙ ኖሮ እኔም የምመርጠው ባልነበረኝ። ነገር ግን ቃሉን የማይሰማ መራጭ በጆሮውና በእግሩ ይመርጣል። ስለዚህ የሚያስጨፍረው፥ ኦርጋንና ጊታር የበዛበት ተመርጦ፥ ኡድና የሰው ድምፅ ብቻ ያለበት፥ «ቀራሚ» የሚባለው ቀስ ያለ የግጥም ዘፈን ወደ ኋላ ይቀራል። ሱማሌ ግን ዘፈንን የሚመዝነው በመጀመሪያ በግጥሙ ነው። ግጥሙን የሠራው አንድ፥ ዜማውን የሰጠው ሌላ፥ በድምፁ ያሰማው ሦስተኛ ይሆናል። የሌላውን ግጥም በጉባኤ የሚያሰማ ሰው አስቀድሞ የገጣሚውን ስም መናገር በሱማሌ ዘንድ የቆየ ሕግ ነው፤ ስሙን ሳይጠራ ያለፈ እንደ ሌባ ይቈጠራል። በእኛም አገር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410 ለገጣሚውም፥ ለዜማ ደራሲውም፥ ለድምፃዊውም ለየራሳቸው መብት ይሰጣል። ክሩ ስም ሳይጻፍበት አርጅቶ ከጠፋ ግን አዋጁ የሚጠብቀው ሰው አይገኝም። የሚያስታውሱት ሽማግሎች እያለፉ ነውና ለዚህ ሥራ ያለው ጊዜ አጭር ነው።

ይህን ስል የሚቃወመኝ ሊኖር ይችላል። የሃይማኖት ሰው፥ «የፍቅር ዘፈን ቢጠፋ ምን ይጐዳል?» ቢል፥ ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ባልዎ በተጀመረ ጊዜም ሼኮች ነቅፈውት ነበር። ለዚህ የምመልሰው ሰው ሁሉ ይዝፈን ብዬ አይደለም። የማይዘፍን ሊቅም ቢሆን ቋንቋ የሚመረመረው፥ የጠፋ ቃል የሚገኘው፥ ያለፈ ዘመን ኑሮ የሚታወቀው በእንዲህ ያለው መዝገብ መሆኑን አይክድም። ደግሞም ዜማን ከጥፋት ማዳን ምን እንደ ሆነ ከቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የበለጠ የሚያውቅ የለም። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ለብዙ መቶ ዓመት ከመምህር አፍ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ ሲተላለፍ ኖሮ፥ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፥ ይኸውም ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ፥ ከጦርነቱ ጥፋት በኋላ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክት ሠርተው በድጓው ላይ አኖሩለት። መጽሐፍ ሲቃጠልና መምህር ሲሞት ያዩ ሰዎች፥ በቃል ብቻ የቆመ ነገር በአንድ ክፉ ዘመን ሊጠፋ እንደሚችል ተረዱ። በ1988 ክር የቀበሩትም ሰዎች የተረዱት ይህንኑ ነው።

«የጠረፍ ከተማ ከመንገድ፥ ከውሃና ከሐኪም ቤት በፊት ስለ ካሴት ያስባልን?» የሚል ሹምም ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን የተጓደለ መንገድ በሚመጣው ዓመት በጀት ሊሠራ ይችላል፤ የሻገተ ክር ግን በማናቸውም በጀት አይመለስም። በክሩ ላይ ድምፁን የያዘው ደቃቅ የብረት ዱቄት በሙቀት፥ በአቧራና በእርጥበት እየላላ ይረግፋል፤ ከረገፈም በኋላ የሚቀረው ባዶ ላስቲክ ነው። ሥራው የሚጠይቀውም ወጪ ታላቅ ሕንፃ አይደለም። ጥቂት ደኅና የቴፕ መሣሪያ፥ ድምፁን ወደ ኮምፒዩተር የሚገለብጥ ባለሙያ፥ ቋንቋውን የሚያውቅ ጸሐፊ ይበቃዋል።

ስለዚህ አሳቤን በአጭሩ ላቅርብ። በ2007 የተከፈተው የጅጅጋ ዩኒቨርሲቲና የክልሉ የባህል ቢሮ ተባብረው፥ በጅጅጋ፥ በቶጎ ውጫሌ፥ በቀብሪ በያህ፥ በሐርትሼክ፥ በአውበሬና በሽንሌ ያሉትን ክሮች ያስመዝግቡ። ከባለቤቱ ላይ ክሩ አይወሰድ፤ ተገልብጦ ለባለቤቱ ይመለስ፤ ሰው ዕቃው እንደማይቀር ሲያምን ሣጥኑን በገዛ እጁ ይከፍታልና። በእያንዳንዱ ዘፈን የገጣሚው፥ የዜማ ደራሲው፥ የድምፃዊውና የኡድ መቺው ስም፥ ዘመኑና ቦታው ከሽማግሎች ተጠይቆ ይጻፍ። ግልባጩም በአንድ ቤት ብቻ አይቀመጥ፤ አንዱ በጅጅጋ፥ አንዱ በአዲስ አበባ በቤተ መዛግብት ይኑር፤ በአንድ ቤት ብቻ ያለ መዝገብ በአንድ እሳት ይጠፋልና።

ይህ ከተፈጸመ በኋላ የሚመርጡ ሰዎች ከእኛው ውስጥ ይነሣሉ። ያን ጊዜ የጅጅጋ ወጣት የዓመቱን አልበም ሲመርጥ፥ እንደ እኔ በሩቅ አገር ሰው ምርጫ ላይ የሚመርጥ ሳይሆን፥ አያቱ በሰርግዋ የሰማችውን ቀራሚ ከነገጣሚው ስም አንሥቶ ይህ ይቀድማል ለማለት ይችላል። አማርኛ ተናጋሪውም በትዝታና በባቲ ቅኝት ያደገ ጆሮውን ቢያዘነብል፥ የሱማሌው ዜማ እንደ እርሱ በአምስት ድምፅ የቆመ መሆኑን አውቆ፥ ጐረቤቱን ከቀድሞው አብልጦ ያውቃል። መራጭ የሚመርጠው ከተጠበቀው ብቻ ነውና፥ ጠባቂዎቹ ዛሬ ሥራቸውን ሊጀምሩ ይገባል።