ማሳሰቢያ፦ ባጁ የማያየው እጅ

ከመሐል ሜዳ እስከ ዓለም ከተማ፣ ከግሼ እስከ ደብረ ብርሃን ራጅ የምታነሱ እህቶችና ወንድሞች፤ እናንተም የሆስፒታል ኃላፊዎች፤ ይህ ማሳሰቢያ ለእናንተ ነው።

ከገደል የወደቀ ሕፃን እረኛ ይመጣል። እግሩ ተሰብሯል፤ ያለቅሳል፤ አልረጋ ይላል። ባለሙያው አንጀቱ አልችል ብሎት እግሩን ራሱ ይይዝና ባልደረባውን «አንሳው» ይለዋል። ርኅራኄ ነው። እጁ ግን ጨረሩ መሐል ገብቷል። ኤፕሮኑ ደረቱን ሸፍኖታል፤ የጨረር መለኪያው ባጅም እዚያው ደረቱ ላይ ነው። ባጁ የሚናገረው ደረት ያገኘውን ብቻ ነው፤ ጣት የተቀበለውን አያውቅም። በኋላ «ችግር የለም» የሚል ውጤት ይመጣል፤ ያውም ከመጣና ለባለቤቱ ከተነገረ።

ሌሎች በሕይወታቸው ከፍለውበታል። ራጅ እ.ኤ.አ. በ1895 ተገኘ። በ1902 ሐምቡርግ ውስጥ የራጅ ቱቦ ፋብሪካ ሠራተኛ እጅ ላይ የቆዳ ካንሰር ታየ። የኤዲሰን ረዳት ክላረንስ ዳሊ ደግሞ ማሽኑን በገዛ እጁ ሲሞክር ኖሮ፣ እጆቹ በተደጋጋሚ ተቆርጠው በ1904 ሞተ። የዛሬው ማሽን እንደዚያ ዘመኑ አይደለም፤ ሥራችሁን ጥላችሁ ሽሹም አልልም። ማሽኑ ሲጠፋ ጨረሩም ይጠፋል። የሚያሰጋው ጥቂት በጥቂቱ፣ ዓመት ከዓመት እዚያው ጣት ላይ የሚጠራቀመው ነው።

«ጥቁር ቆዳ አይነካውም» የሚሉ አሉ። ጥቁረታችን የደጋውን ፀሐይ ያበርድልናል፤ ራጅን ግን አያግድም።

ኃላፊዎች ሆይ፣ የጨረራና ኒውክሌር መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1025/2009 በእጃችሁ አለ። ዓለም አቀፉ ወሰን ለእጅ በዓመት 500 ሚሊሲቨርት ነው፤ ካልተለካ ግን ማለፍ አለማለፉን ማን ያውቃል? ሲ-አርም በሚባለው የራጅ ማሽን እያዩ አጥንት ለሚጠግኑ ሐኪሞች የጣት መለኪያ ቀለበት ይገዛላቸው። ለራጅ ክፍሉ ማሰሪያና የአሸዋ ከረጢት ይሟላ፤ ይህ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ኤፕሮንም ምስማር ላይ ታጥፎ አይሰቀል። ጨርቁ ደህና መስሎ ውስጡ ያለው እርሳስ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ የሚታየው ኤፕሮኑ ራሱ ራጅ ሲነሳ ነው። ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይታይ።

ባለሙያዎች ሆይ፣ ሕፃኑን መያዝ የግድ ከሆነ እርጉዝ ያልሆነ ዘመድ ኤፕሮን ለብሶ ይያዘው። እናንተ ራቁ፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሳችሁ ጨረር ወደ ሩብ ይወርዳል።

ጥፍር ሲሰነጠቅ፣ የጣት ቆዳ ሲደርቅና ሲሳሳ፣ ኪንታሮት የመሰለ ነገር ሲወጣ ወይም ቁስል ከወር በላይ አልድን ሲል ዝም አትበሉ። ለሐኪሙ መጀመሪያ «ሥራዬ ራጅ ማንሳት ነው» በሉት፤ ካልነገራችሁት ቅባት ሰጥቶ ሊሸኛችሁ ይችላል።