«ባሕሩ ይተካዋል»

እኛ ባሕር የሌለን ሰዎች ስለ ባሕር ስናስብ የሚታየን ላዩ ነው፤ ፖስት ካርድ ላይ ያለው ሰማያዊ። ዳርቻውን አቁሞ የሚያኖረው ግን ከታች ያለው፣ የማይታየው ወለል ነው። ይህን የናቁ ባለሥልጣናት አንድ መንደር አስበልተዋል።

መንደሯ ሆልሳንድስ ትባላለች፤ ደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ዴቨን ውስጥ። ዓሣ አስጋሪዎች ከገደል ሥር፣ ከጠጠር ዳርቻ ጀርባ ይኖሩባት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1897 ለፕሊመዝ የባሕር ኃይል መርከብ ማደሻ ማስፋፊያ ጠጠር ተፈለገና ኮንትራክተሩ ከመንደሯ ፊት ለፊት እንዲዝቅ ተፈቀደለት። አስጋሪዎቹ ጮኹ። መልሱስ? ባሕሩ ይተካዋል!

ይተካዋል እንዴ? ነገሩ እንዲህ ነው። ጥልቅ ውኃ ላይ ማዕበል ወለሉን አይነካውም። ውኃው እያነሰ ሲመጣ ግን ወለሉ ይይዘዋል፤ ፍጥነቱን ይቀንሰዋል፣ አቅጣጫውን ያጥፈዋል። የአሸዋና የጠጠር ቁልል ካለ ማዕበሉ እዚያው ይሰበራል፤ ቁልሉ ከተዛቀ ጉልበቱን እንደያዘ ዳርቻው ድረስ ይዘልቃል። አግድም ሲመጣ ደግሞ ጠጠሩን በዳርቻው ርዝመት እየገፋ ይወስደዋል። ስለዚህ የወለሉን ቅርጽ የነካ የጠጠሩን መንገድ ነክቷል።

የሆልሳንድስ ጠጠር ደግሞ ከበረዶው ዘመን በኋላ ባሕሩ ከፍ ሲል ገፍቶ ያመጣው የጥንት ክምችት ነው። አዲስ የሚያመጣለት የለም። የተዛቀውን ጉድጓድ ሊሞላ የሄደው የዳርቻው የራሱ ጠጠር ነው!

ዳርቻው በሜትሮች ዝቅ አለ። ፈቃዱ በ1902 ተሰረዘ፤ ግን 650,000 ቶን ገደማ ከሄደ በኋላ። ጃንዋሪ 26 ቀን 1917 የምሥራቅ ዐውሎ ነፋስ ከባሕሩ ሙላት ጋር ገጠመና መንደሯን አፈረሳት። ሰው አልሞተም። ዓመቱ ሲያልቅ ግን ሰው ሊኖርበት የሚችል አንድ ቤት ብቻ ቀርቶ ነበር።

«ያኔ ሳይንሱ አልነበረማ» የሚል አይጠፋም። ይሁን። ታዲያ ያላወቀ ሰው ለምን ፈቀደ? አስጋሪዎቹ እኮ ዳርቻቸው ሲወርድ በዓይናቸው እያዩ ነበር።

ዛሬም ለኮንክሪትና ለሰው ሠራሽ ደሴት አሸዋ ከባሕር ወለል ይዛቃል። የእኔ አቋም ቀላል ነው፦ «ይተካል» የሚል አካል ከየት እንደሚተካና በስንት ዓመት እንደሚተካ አስቀድሞ ያስረዳ። ማስረዳት ካልቻለ አይዛቅ። ማስረጃ አምጡ መባል ያለበት ቆፋሪው እንጂ ነዋሪው አይደለም። በሆልሳንድስ የሆነው የተገላቢጦሽ ነበር፤ ጠጠሩ ፕሊመዝ ገባ፣ ማዕበሉ ለአስጋሪዎቹ ተረፈ።