ስለ ቤትና ስለ እንግዳ

ቤት የሚሠራው ለባለቤቱ ማደሪያ፥ ለመንገደኛውም መጠጊያ እንዲሆን ነው። በአርሲ ደጋ፥ በጭላሎ ተራራ ግርጌ፥ እንግዳ ሲመጣ ጉዳዩ ሳይጠየቅ አስቀድሞ ወተት፥ በቅቤም የታሸ ጭኮ ይቀርብለታል። በዚህ ልማድ ያደገ ሰው በእንግሊዝ አገር እንግዳ ዋጋ ከፍሎ የሚገባበት የመኳንንት ቤት አለ ሲሉት ይደነቃል። ምክንያቱን ግን መመርመር ይገባል።

የእንግሊዝ መኳንንት በየባላገሩ ያሠሯቸው ታላላቅ ቤቶች ብዙ አሽከርና ብዙ ወጪ የሚሹ ነበሩ። ከዓለም ጦርነቶች ወዲህ አሽከሩ ጠፋ፥ የውርሱም ግብር ከበደ፤ ስለዚህ ብዙዎቹ ፈረሱ። በባዝ ከተማ አቅራቢያ ሎንግሊት የሚባል በ16ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ቤት አለ። የባዝ ማርኩዊስ ቤቱን ከአባቱ ሲወርስ የመጣበትን ግብር ለመክፈል በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1949 ዓ.ም. በሩን ለሕዝብ ከፈተ፤ ከጎብኚውም ዋጋ ይቀበል ጀመር። ሌሎችም ተከትለውት ቤታቸውን ለሠርግና ለግብዣ ያከራያሉ። ይህ ነገር ስስት ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን ቤቱን ከመፍረስ አድኖታል።

በዚያው በባዝ ለእኛ የሚቀርብ ፌርፊልድ የተባለ ሌላ ቤት አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደታቸው ዘመን፥ በዚሁ አቆጣጠር ከ1936 እስከ 1940 ዓ.ም.፥ የኖሩት በዚህ ቤት ነው። ገንዘቡ ጥቂት፥ ብርዱም ብርቱ ነበር። በ1954 ዓ.ም. ወደ ባዝ ተመልሰው የከተማው የክብር ዜጋ ተባሉ፤ በ1958 ዓ.ም. ቤቱን ለአረጋውያን መኖሪያ እንዲሆን ለከተማው ሰጡ። እንግዳ ሆነው በገቡበት አገር እንግዳ ተቀባይ ሆኑ።

በፍርድ ቤት መዝገብ ስጽፍ ከምሰማው ክርክር ሁሉ የሚያሳዝነኝ የወንድማማቾች የቤት ክርክር ነው። አባት በአሰላ ያቆመው ሰፊ ቤት፥ በበዓል ዘመድ የሚሰበሰብበት፥ ከገጠር ለሐኪም ወይም ለችሎት የመጣውም ሁሉ የሚያድርበት የነበረው፥ እርሱ ካረፈ በኋላ በግንብ ይከፈላል፤ ወይም ተሸጦ ዋጋው ይከፋፈላል። እያንዳንዱ ወራሽ ድርሻውን ያገኛል፤ የዘመድ መሰብሰቢያው ግን የማንም ድርሻ ሳይሆን ይጠፋል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፤ በሕይወት ሳላችሁ ልጆቻችሁን በአንድነት ጠርታችሁ ስለ ቤቱ ምከሩ፤ ቃላችሁንም እንደ ሕጉ ሥርዓት በኑዛዜ አጽኑት። ልጆችም ተስማምተው አንዱ ቤቱን ይዞ የሌሎቹን ድርሻ ቀስ በቀስ ቢከፍል፥ ወይም ሁለት ክፍል ተከራይቶ ኪራዩ ለጣራው ማደሻ ቢውል፥ ቤቱ ይኖራል። የአባትን ቤት ማከራየት ነውር ነው የምትሉ ትኖሩ ይሆናል፤ ከዚህ የሚብሰው ነውር ግን ዘመድ መጥቶ የሚያንኳኳው በር ማጣቱ ነው።