ቀይ ቀበሮ በማን ዕዳ ይሙት?

ባለፈው ሳምንት በባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ካለች አንዲት ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለ፣ በጉና ተራራ ግርጌ በሚገኝ ወረዳ በእንስሳት ሀብት ሥራ የተመደበ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ከኪሱ አንድ ማመልከቻ አውጥቶ አሳየኝ። ገበሬዎች ያስጻፉት ነው። ቀበሮ በጎቻችንን ፈጀብን፤ መንግሥት መርዝ ይስጠን፣ አለዚያም በጠመንጃ እንድናጠፋው ይፍቀድልን ይላል። በግርጌው የጣት አሻራ ተደርድሮበታል። «አንተ ብትሆን ምን ብለህ ትመራዋለህ?» ሲል ጠየቀኝ።

እኔም ጊዜ ሳልወስድ «አይቻልም ብለህ መልስላቸው» አልሁት። መልሴ ስሕተት ነበር አልልም። ነገር ግን እጅግ ፈጥኖ የመጣ መልስ ነበርና ሲከነክነኝ ሰነበተ። አንድ በግ እንኳ የሌለው ሰው ለቀበሮ ቢራራ ምን ይከብደዋል?

ከተቀመጥንበት ሆነን አሻግረን ስንመለከት የዘጌ ደን ይታየን ነበር። በዘጌ በቆየው የገዳማቱ ሥርዓት መሠረት በሬ ጠምዶ ማረስም ሆነ ከብት ማርባት ክልክል ነው፤ ሕዝቡ የኖረው በቡናና በጌሾ ነው። ከብት በማይረባበት አገር ከአውሬ ጋር የሚነሣው ጠብም ያን ያህል አይበረታም። የጉና ገበሬ ግን ግብሩን የሚከፍለው፣ ለልጁ ደብተር የሚገዛው፣ የክረምቱን ቀለብ የሚሞላው ከበጉ ነው። ስለዚህ የዘጌን ሰላም ተሸክሞ ሄዶ ለጉና ሰው መስበክ አይገባም።

ይሁን እንጂ ማመልከቻው «ቀበሮ» ከማለቱ በቀር የትኛው ቀበሮ እንደ ሆነ አይናገርም። በአገራችን በዚህ ስም የሚጠራው አውሬ አንድ ብቻ አይደለም። አንዱ በየስፍራው የሚገኘው ግራጫማው ነው፤ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2015 ዘሩን መርምረው የአፍሪካ ተኩላ ብለውታል። ሌላው ቀይ ቀበሮ ነው። ይህኛው ስሙ ቀበሮ ይሁን እንጂ የሥጋ ዘመዱ ተኩላ ነው፤ ከኢትዮጵያ በቀር በየትኛውም አገር አይገኝም፤ ለአካለ መጠን የደረሱት ቢቈጠሩ 500 አይሞሉም። በአብዛኛው ቀን ያድናል፤ ዋና ምግቡም አይጥና ፍልፈል ነው። በመንዝ ጓሳ ከጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ መካከል ገብቶ፣ የዝንጀሮዎቹን ግልገሎች ሳይነካ አይጥ ሲያድን ይውላል። የበግ ግልገል ፈጽሞ አይነካም ብዬ አልምልለትም፤ አልፎ አልፎ ይነካል። ነገር ግን የጅቡና የግራጫው ዕዳ ሁሉ በስሙ ይጻፍበታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለጓደኛዬ ነገርሁት፤ እርሱም ዝም አለ። ቀይ ቀበሮን የሚከታተሉ ባለሙያዎች ከጉና ጠፍቷል ብለው መዝግበዋል። በጎጃም በጮቄ ተራራ ደግሞ ካልታየ ብዙ ዐሥርት ዓመታት አልፈዋል። እንግዲህ ቀይ ቀበሮው ሄዷል፤ በጉ ግን ዛሬም ይበላል። ታዲያ መጥፋቱ ለገበሬው ምን ጨመረለት?

ያጠፋውም በአብዛኛው ጥይት አይደለም። ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር በላይ ካለው የአገራችን መሬት 60 በመቶ ያህሉ ወደ እርሻ ተለውጧል። ገብሱ ሽቅብ ሲወጣ፣ ከብቱም ተከትሎ ሲሰማራ፣ አይጡም ቀበሮውም የሚኖሩበት ሣር ያልቃል። ከከብቱ ጋር ደግሞ ውሻው ይወጣል፤ ውሻውም የእብደት በሽታ ይዞ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2004 በባሌ የዌብ ሸለቆ ይኸው በሽታ ገብቶ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱን ያህል ፈጅቷል። በግ ሊጠብቅ የወጣው ውሻ ከጠመንጃ የከፋ ሆነ ማለት ነው።

መርዝ ግን ከሁሉ ይከፋል። መርዝ የተቀባ ሥጋ ሜዳ ላይ ሲጣል የሚበላው ማን እንደ ሆነ አይመርጥም፤ ጥንብ አንሣውም፣ የጎረቤት ውሻም፣ ጥፋት የሌለበት አውሬም ይሞትበታል። አሜሪካኖች በየሎውስቶን ፓርክ የነበሩትን ተኩላዎች እ.ኤ.አ. እስከ 1926 ድረስ ገድለው ጨረሱ። ኋላ ሣርና ቁጥቋጦ የሚበላው የዱር እንስሳ በዝቶ ቢያስቸግራቸው፣ በ1995 እና በ1996 31 ተኩላዎች ከካናዳ አስመጡ። (እኛ ግን ቀይ ቀበሮ ቢያልቅብን የምንበደርበት ካናዳ የለንም።)

ይህን ስል አውሬ ሁሉ አይነካ ማለቴ አይደለም። ሰው የለመደ ጅብ ሕፃን ሊነጥቅ ቢመጣ፣ ያን አንዱን ጅብ ለይቶ መግደል ግዴታ ነው፤ በዚህ የሚቈጣ ሰው ቢኖር ከእኔ ጋር አይስማማም። የምቃወመው ጥፋተኛው ሳይለይ በዘር የሚሰጠውን ፍርድ ነው። ያለ ፈቃድ ማደንንማ አዋጅ ቁጥር 541/1999 ከልክሎታል፤ ነገር ግን ለገበሬው የአዋጅ ቁጥር ጽፎ መስደድ መልስ አይሆንም።

«እሺ፣ ምን ልጻፍ?» አለኝ ጓደኛዬ። አብረን አሰብን። በመጀመሪያ ሄዶ በረቱን ማየት፣ ዱካውን መመርመር፣ በሌሊት ነው በቀን የተበላው ብሎ መጠየቅ። ከዚያ ግልገሎቹ የሚያድሩበትን በረት በድንጋይ ከፍ አድርጎ ለማጠር መንደሩ በደቦ እንዲነሣ ማግባባት። የወረዳው ውሾች በሙሉ የእብደት መከላከያ ክትባት እንዲያገኙ መጠየቅ፤ ይህስ ለአውሬው ብቻ ሳይሆን ለገበሬው ልጅም ነው። በባሌ እ.ኤ.አ. በ2018 ለቀይ ቀበሮዎቹ ለራሳቸው በምግብ ውስጥ የተደረገ ክትባት መስጠት ከተጀመረ፣ ለውሻ የማይሰጥበት ምክንያት አይታየኝም።

የተበላውን በግ ዋጋ ማን ይክፈል በሚለው ላይ ግን አልተስማማንም። እኔ፣ አውሬው የአገር ቅርስ ከሆነ ኪሳራውም የአገር ይሁን አልሁ። እርሱ ደግሞ ገንዘብ አለ ከተባለ ሞቶ የተገኘ በግ ሁሉ ቀበሮ የበላው ይሆናል ብሎ ሳቀ። ሳቁ እውነት ነበረበት፤ ቢሆንም ሐሳቤን አልለወጥሁም።

ማታ ማመልከቻውን አጥፎ ወደ ኪሱ መለሰው። በማግስቱ ጧት በአውቶቡስ ወደ ወረዳው ተመለሰ፤ ለገበሬዎቹ ሰኞ እመልስላችኋለሁ ብሏቸው ነበር።